በአንድ ከረጢት ሁለት ሚዛን

የንባብ ክፍል፦ ዘዳግም 25፥13-16፤ ምሳሌ 20፥14፤ የሐዋርያት ሥራ 17፥11



ዛሬ የምናካፍላችሁ ነገር የተጀመረው መድረክ ላይ አይደለም፤ መኪና ሥር ነው። እኛ ባልና ሚስት የምንኖረው በሜሪላንድ፣ ከዋሽንግተን ዲሲ ብዙም ሳንርቅ ነው። የአገልግሎታችን ትልቁ ክፍል የሚከናወነው በመኪና ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። የታመመ እንጠይቃለን፣ ለቅሶ እንደርሳለን፣ ከአውሮፕላን ማረፊያ እንግዳ እንቀበላለን፣ መንዳት የማይችሉ እናቶችን እሑድ ጠዋት ከቤታቸው አምጥተን ከአምልኮ በኋላ እንመልሳለን። የ2012 ሥሪት የሆነች ቶዮታ ካምሪ አለችን። እርስዋ እኛን በታማኝነት ስታገለግል እኛ ግን ለእርስዋ የምንሰጣት ጊዜ ሁልጊዜ የተረፈውን ነበር።

ስለዚህ ዘይት የምናስቀይረው፣ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ እንደምታደርጉት፣ በመንገድ ዳር ባሉት ፈጣን የዘይት መቀየሪያ ቤቶች ነው። ላላያችሁት እንንገራችሁ። ቀጠሮ አያስፈልግም። መኪናችሁን እየነዳችሁ ትገባላችሁ። ከሥር ጉድጓድ አለ። አንዱ ሠራተኛ ከታች ሆኖ አሮጌውን ዘይት ያፈስሳል፣ ፊልትሮውን ይቀይራል፤ ሌላው ከላይ ኮፈኑን ከፍቶ አዲሱን ዘይት ይሞላል። ብዙ ጊዜ ከመቀመጫችሁ ሳትነሡ በ15 ደቂቃ ውስጥ ያልቃል። አገር ቤት መኪናውን ጋራዥ አቁሞ ግማሽ ቀን መጠበቅ ለለመደ ሰው ይህ ድንቅ ነገር ነው።

ነገር ግን የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እኛም በጥሬው ደረሰብን።

"እሺ" ያልንበት ቅዳሜ

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። በብርዱ ወራት በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ የእሑዱ ዝግጅት ገና አላለቀም፣ ዘይቱ ግን ጊዜው አልፎበታል። ከዋናው መንገድ ዳር ወዳለ አንድ ቤት ገባን። አንድ ወጣት ሠራተኛ በመስኮት በኩል የጠቆረ የአየር ፊልትሮ አሳየን። ቀጥሎ የነዳጁ መስመር መጽዳት እንዳለበት፣ የካምቢዮው ዘይት መቀየር እንዳለበት፣ የዝናብ መጥረጊያውም እንዳረጀ ነገረን። ከተናገረው ገሚሱን አልሰማነውም፤ የሰማነውንም በደንብ አልገባንም። ከኋላችን መኪኖች ተሰልፈዋል። ልጁ ደግሞ ትሑት ነው። ይሉኝታ የሚባለውን ነገራችንን ታውቁታላችሁ። ለፊልትሮው እሺ አልን፣ ለመጥረጊያው እሺ፣ ለነዳጅ ማጽጃው እሺ። የካምቢዮውን ብቻ "ሌላ ጊዜ" አልን። በ80 ዶላር እንወጣለን ብለን የገባን ሰዎች 190 ዶላር ከፍለን ወጣን። ደረሰኙንም ሳናነብ አጥፈን መኪናዋ ኪስ ውስጥ ከተትነው።

በማግስቱ እሑድ ማታ አንዲት አረጋዊት እናትን ወደ ቤታቸው እያደረስን ሳለን፣ ቤልትዌይ ብለን በምንጠራው ከተማውን በሚዞረው አውራ ጎዳና ላይ፣ የጀበና ቅርጽ ያለው ቀይ መብራት ከመሪው ፊት በራ። ታክሲ የሚነዳ አንድ ወንድማችን ቀደም ሲል ስለዚህ መብራት አስጠንቅቆን ነበር። "ይህ ከበራ ቤት እስክደርስ እንዳትሉ፤ ሞተሩ ያለ ዘይት እየሠራ ሊሆን ይችላል" ብሎናል። ስለዚህ ወዲያው ጥግ ይዘን ሞተሩን አጠፋን። ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብራል፤ መኪኖች በአጠገባችን እየተወነጨፉ ያልፋሉ። እናታችን ከኋላ ወንበር ላይ ነጠላቸውን ተከናንበው መጸለይ ጀመሩ። መኪናዋን የሚጎትት እስኪመጣ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅን።

ችግሩ ቀላል ነበር። ዘይቱ ከሚፈስስበት ቀዳዳ ላይ የሚታሰረው ብሎን በሚገባ አልጠበቀም። እየላላ ሄዶ ዘይቱ መንገዱን ሁሉ ሲንጠባጠብ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ቤቱ ሳይከፈት በሩ ላይ ነበርን። እውነቱን ለመናገር ኃላፊው በአግባቡ አስተናገደን። ይቅርታ ጠየቀ፣ ብሎኑን ከነማሸጊያው ቀየረ፣ አዲስ ዘይት ሞላ፣ የመጎተቻውንም ከፈለ። ሞተሩም በጌታ ምሕረት አልተጎዳም። እኛ ግን በዚህ አልበቃንም። ቅዳሜ ያስተናገደንን ወጣት ስናየው ድምፃችንን ከፍ አድርገን፣ "አሮጊት ሴት ይዘን ነበር፤ ልትገድለን ነበር!" አልነው። ብሎኑን ያሰረው እርሱ ይሁን ከጉድጓዱ ውስጥ የነበረው ሌላው ይሁን አልጠየቅንም። ልጁ የዘይት ጨርቁን በእጁ እንደያዘ ቆሞ ሰማን። አንድም ቃል አልመለሰም። እኛም እውነት ከእኛ ጋር እንዳለች ሰዎች ሆነን ወጣን።

ጥንቃቄን ተማርን

ከዚያ ወዲህ ታክሲ ነጂውን ወንድማችንን እንደ መምህር ይዘን ተማርን። ብዙዎቻችሁ በመኪና የምትተዳደሩ ስለሆናችሁ የተማርነውን ባጭሩ እናካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ከመሄዳችን በፊት የመኪናዋን መጽሐፍ እናነባለን። የእኛ ካምሪ፣ ባለ አራት ሲሊንደሯ፣ ዜሮ ደብልዩ ሃያ የሚባለውን ሙሉ ሲንተቲክ ዘይት ትወስዳለች። መጠኑ ከፊልትሮው ጋር 4.6 ኳርት ነው። ሠራተኞቹ በመስታወቱ ጥግ የሚለጥፉት ወረቀት ብዙ ጊዜ በ3,000 ማይል ተመለሱ ይላል፤ አምራቹ ግን ለዚህ ዘይት የሰጠው 10,000 ማይል ወይም 12 ወር ነው። ነገር ግን ታክሲ የምትነዱ ወይም ቤት ለቤት ዕቃ የምታደርሱ ወንድሞችና እህቶች ልብ በሉ፤ ያው አምራች ለእንዲህ ያለ ሥራ ልዩ መመሪያ አለው፤ በ5,000 ማይል ወይም በ6 ወር ቀይሩ ይላል። የእናንተ መኪና ሌላ ከሆነ የእናንተን መጽሐፍ ተመልከቱ።

ሁለተኛ፣ ኮፈኑ ሳይከፈት የዘይቱን ዓይነትና ጠቅላላ ዋጋውን ተነጋግረን እንወስናለን። ሌላ ነገር ያስፈልጋችኋል ሲሉን "ዛሬ ዘይትና ፊልትሮ ብቻ፤ እናመሰግናለን" እንላለን። ይህን ዓረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ በቃላችን ያዝነው። የቆሸሸ ፊልትሮ ሲያሳዩን፣ ከእኛ መኪና ሲወጣ ማየት እንደምንፈልግ በትሕትና እንጠይቃለን። አንዳንዴ የሚሉት እውነት ነው፤ ፊልትሮ ያረጃል፣ መጥረጊያም ያልቃል። ግን ቤት ሄደን መጽሐፉን አይተን ብንመለስ የሚጎዳ ሰው የለም። በተለይ የካምቢዮ ዘይትን በተመለከተ መኪናው የሚወስደው የራሱ ዓይነት ስላለ በችኮላ እሺ አይባልም።

ሦስተኛ፣ ከግቢው ሳንወጣ እናያለን። ሞተሩ ጥቂት ከሠራ በኋላ ሜዳ ላይ አቁመን፣ አጥፍተን፣ አምስት ደቂቃ ያህል ጠብቀን የዘይት መለኪያውን ዘንግ እናወጣለን። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል መሆን አለበት። ከታችኛው ካነሰ ችግር ነው፤ ከላይኛው ካለፈም ሞተሩን ይጎዳል። የዘይት መሙያው ክዳን መዘጋቱን እናያለን። ጎንበስ ብለን ከሥር የሚንጠባጠብ ነገር እንዳለም እንመለከታለን።

አራተኛ፣ ደረሰኙን እዚያው እናነባለን። የዘይቱ ዓይነት፣ መጠኑ፣ ማይሉና ቀኑ በትክክል ተጽፎ እንደሆነ እናያለን፣ ከዚያም እናስቀምጠዋለን። በ1975 በአሜሪካ የወጣው የማግነሰን-ሞስ የዋስትና ሕግ፣ ዘይት ያስቀየራችሁት ከሻጩ ጋራዥ ውጭ ነው በሚል ምክንያት ብቻ አምራቹ ዋስትናችሁን እንዳይሰርዝ ይከለክላል። ግን መኪናችሁን በጊዜው መንከባከባችሁን የሚያሳይላችሁ ደረሰኛችሁ ነው።

አንዳንድ ምእመናን "ፓስተር፣ ይህ ሁሉ ጥርጣሬ ለአማኝ ይገባል ወይ? ፍቅር ሁሉን ያምናል ተብሎ የለ?" ብለው ጠይቀውናል። መልሳችን አጭር ነው። የቤርያ ሰዎች ሐዋርያው ጳውሎስ ራሱ ሲሰብክላቸው፣ ነገሩ እንዲህ እንደ ሆነ ለማወቅ በየዕለቱ መጻሕፍትን ይመረምሩ ነበር። መጽሐፍ ቅዱስ ስለዚህ አይወቅሳቸውም፤ ያመሰግናቸዋል። መመርመር ፍቅር ማጣት አይደለም። የሐዋርያ ስብከት ከተመረመረ የዘይት መለኪያ ዘንግ ማውጣት ኃጢአት ሊሆን አይችልም። ምሳሌ 14፥15 ደግሞ የተነገረውን ሁሉ የሚያምነውን አላዋቂ፣ እርምጃውን አስተውሎ የሚሄደውን ብልህ ይለዋል።

እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር። ጥንቁቅ ደንበኞች ሆነን ነበር፤ እንዲያውም ትንሽ ኮርተንበት ነበር።

ጥንቃቄያችን ያገኘው ነገር

ሁለት ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ወደዚያው ቤት ለዘይት ሄድን። ሁሉን በሥርዓቱ አደረግን። ዓይነቱን ተናገርን፣ ዋጋውን ጠየቅን፣ ዘንጉን አየን፣ ከሥር ተመለከትን፣ ደረሰኙን አነበብን። ስናነብም አንድ ነገር አገኘን። የሞሉልን ሙሉ ሲንተቲኩን ነው፤ በዓይናችን አይተናል። ደረሰኙ ላይ ግን የተጻፈውና ያስከፈሉን የተራውን ዘይት ዋጋ ነው። ልዩነቱ 40 ዶላር ነበር፤ በእኛ ጥቅም።

መኪናዋ ገና ከግቢው አልወጣችም። ገንዘብ ተቀባዩ ከእኛ 20 እርምጃ አይርቅም። ተያየን። ከሁለታችን አንዳችን፣ ማን እንደሆነ አንናገርም፣ "ጌታ ሞገስ ሰጠን" አልን። ሁለታችንም ሳቅን። ያን ቅዳሜ ያለ አግባብ ያስወጡንን ገንዘብ ጌታ መለሰልን ብለን ነገሩን መንፈሳዊ አደረግነው። ደረሰኙን አጥፈን መኪናዋ ኪስ ውስጥ ከተትነው፤ ተነሥተን ሄድን።

ሦስት ሳምንት አለፈ። በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ሰብከናል፣ ጸልየናል፣ ጌታ እራት አካፍለናል። ለናፍታ፣ ይቅርታ፣ ለቤንዚን በቆምን ቁጥር ካርድ ፍለጋ ኪሱን ስንከፍት ደረሰኙ እዚያው ነበር።

ከዚያ አንድ ዓርብ ከጸሎት በኋላ አንድ ወጣት ወንድም ለብቻው ሊያነጋግረን ፈለገ። በዲቪ ከመጣ ሁለት ዓመት ሆኖታል። እርሱም የሚሠራው በሌላ ከተማ ባለ የዘይት መቀየሪያ ቤት ነው። የመጣው ለጸሎት ነበር። "ጋሼ፣ እትዬ፣ ሕሊናዬ አላርፍ ብሎኛል" አለን። ከእያንዳንዱ መኪና ይህን ያህል ገቢ አምጡ ተብሎ እንደሚጠበቅባቸው፣ ያላመጣ የሥራ ሰዓቱ እንደሚቀነስበት፣ እንግሊዝኛ የማይችሉ እናቶች ሲመጡ "ለእነዚህ ሽጥ" እንደሚባል ነገረን። እርሱ እምቢ ስላለ ሰዓቱ እየቀነሰ ነው። አብረን አለቀስን፣ ጸለይን። ሌላ ሥራ እስኪያገኝ በጉባኤው ውስጥ ማን ሊረዳው እንደሚችል ተነጋገርን።

ሊሄድ ሲል፣ ስለ እኛ ምንም ሳያውቅ፣ እንዲህ አለ፦ "ሂሳብ ሲጎድል ደግሞ መጀመሪያ የሚጠረጠረው አዲሱ ልጅ ነው። ደንበኛው ሲጎዳ በማግስቱ ይመለሳል፤ መብቱም ነው። ሲጠቀም ተመልሶ የመጣ ግን እስከ ዛሬ አንድ ሰው አላየሁም።"

እርሱን ሸኝተን በሩን ከዘጋን በኋላ ለረጅም ጊዜ አልተነጋገርንም። ብሎኑ የላላ ጊዜ በሩ ሳይከፈት ደርሰናል። 40 ዶላሩ ጊዜ ግን ሦስት ሳምንት አለፈን። መንገዱ ያው መንገድ ነው፤ መኪናዋም ያቺው ናት።

ድንጋይና ድንጋይ

በነገረ መለኮት ኮሌጅ ሳለን የዘዳግምን መጽሐፍ ከዕብራይስጡ ጋር እያስተያየን ስናነብ አንድ ነገር ተምረን ነበር። በምዕራፍ 25 ቁጥር 13 ላይ በአማርኛችን "ሚዛን" ተብሎ የተተረጎመው ቃል በዕብራይስጡ "ድንጋይ" ነው። ሐረጉ ቃል በቃል "ድንጋይና ድንጋይ" ይላል፤ ትልቅና ትንሽ። በጥንት እስራኤል ነጋዴው ብር የሚመዝነው በድንጋይ ነበር። በይሁዳ ምድር የተቆፈሩ ቦታዎች ክብደታቸው የተጻፈባቸው እንዲህ ያሉ ድንጋዮች ተገኝተዋል። ሌባው ነጋዴ በከረጢቱ ሁለት ዓይነት ድንጋይ ይይዛል። ሲቀበል በከባዱ፣ ሲሰጥ በቀላሉ ይመዝናል።

ይህን ክፍል ብዙ ጊዜ አስተምረናል። ስናስተምር ግን ሁልጊዜ ስለ ሻጩ ነበር። ሕጉ ግን ለሻጭ ብቻ አልተጻፈም፤ ከረጢት ላለው ሁሉ ነው። ምሳሌ 20፥14 ደግሞ በቀጥታ ስለ ገዢው ይናገራል። ገዢው ዕቃው ፊት ቆሞ መጥፎ ነው መጥፎ ነው እያለ ያጣጥላል፣ ገዝቶ ከሄደ በኋላ ግን ይመካል። ከዚሁ ምዕራፍ ቁጥር 10 ላይ ያ "ድንጋይና ድንጋይ" የሚለው ሐረግ ተመልሶ ይመጣል፤ እግዚአብሔር ሁለቱንም እንደሚጸየፍ ይነግረናል።

እኛ ከረጢት አልያዝንም። የመኪናችን ኪስ ግን ነበረን። በእርሱም ውስጥ ሁለት ድንጋይ ነበረን። የሰው ስሕተት እኛን ሲጎዳ የምንመዝንበት ከባዱ፣ የሰው ስሕተት እኛን ሲጠቅም የምንመዝንበት ቀላሉ። ለመጀመሪያው ስማችን "የተበደሉ" ነበር፤ ለሁለተኛው "የተባረኩ"። እግዚአብሔርን ያሳዘነው ብሩ አይመስለንም። በስሙ መነገዳችን ነው። ስርቆትን ሞገስ ብለን ጠራነው።

ሰኞ ጠዋት፣ እንደገና

ሰኞ ዕለት ደረሰኙን ይዘን ሄድን። እንዲህ ያለ ምስክርነት ሲነገር መጨረሻው ሲያምር ሰምታችኋል፤ ኃላፊው ያለቅሳል፣ ጌታን ይቀበላል። የእኛ እንደዚያ አልነበረም። ኃላፊው አዲስ ሰው ነበር። መጀመሪያ ገንዘብ ልናስመልስ የመጣን መስሎት ፊቱን አጠቆረ። ከዚያ ኮምፒውተሩን ከፍቶ አየ፣ ደረሰኙን አየ፣ እኛን አየ። 40 ዶላሩን ተቀብሎ ሌላ ደረሰኝ ጻፈልን። ከዚያም በቅንነት አንድ ጥያቄ ጠየቀን፦ "ካወቃችሁ ለምን እስከ ዛሬ ቆያችሁ?"

መልስ አልነበረንም። "አጥፍተናል፣ ይቅርታ" አልን።

ከዚያ ያን ጊዜ የጮኽንበትን ወጣት ጠየቅን። ከሄደ ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የት እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ስሙን እንኳ አናውቀውም ነበር። ደረቱ ላይ ተጽፎ ነበር፤ አላነበብነውም። ደረሰኝ ማንበብ ተምረን የሰው ስም ማንበብ አልተማርንም ነበር። 40 ዶላሩን መለስን፤ የእርሱን ግን እስከ ዛሬ አልመለስንም። በጸሎታችን እናስበዋለን። አንዳንድ ዕዳ ስንዘገይ የምንከፍልበት ሰው ይጠፋል። ስለዚህ በዘሌዋውያን 6 ሕጉ የበደለ ሰው የወሰደውን ከአምስተኛ እጅ ጭማሪ ጋር ለባለቤቱ በዚያው ቀን ይመልስ ማለቱ ለምን እንደሆነ አሁን ይገባናል።

ሚዛኑን ለያዝን ሁሉ

ወገኖች ሆይ፣ ይህ ነገር በዘይት መቀየሪያ ቤት አያበቃም። የልጃችንን ጥፋትና የጎረቤትን ልጅ ጥፋት በየትኛው ድንጋይ ነው የምንመዝነው? አሠሪያችን ሰዓታችንን አጉድሎ ሲከፍል ቶሎ እናያለን፤ አስበልጦ ሲከፍልስ? የሌላ ቤተ ክርስቲያን መጋቢ ሲወድቅ የምንናገርበትና የራሳችን ሲወድቅ ዝም የምንልበት ድንጋይ አንድ ነውን? እኛ አገልጋዮችም የጉባኤው ገንዘብ ሲመረመር ቅር ሊለን አይገባም። ጳውሎስ እንኳ በ2ኛ ቆሮንቶስ 8 ላይ የተሰበሰበውን ስጦታ ለማድረስ ሌሎች ወንድሞች አብረውት እንዲሄዱ ያደረገው፣ በጌታ ፊት ብቻ ሳይሆን በሰው ፊትም መልካም የሆነውን ለማሰብ ነበር።

ስለዚህ ተጠንቀቁ ማለታችንን አንተውም። ዘንጉን አውጡ፣ ደረሰኙን አንብቡ፣ የማያስፈልጋችሁን "አይ፣ እናመሰግናለን" በሉ። እንግሊዝኛ የማይችሉ እናቶቻችንን ብቻቸውን አትላኩ፤ አብራችሁ ሂዱ። ጥንቁቅ ደንበኛ ለሠራተኛውም ይጠቅመዋል፤ እንዳይዋሽ ይረዳዋል። ነገር ግን ጥንቃቄያችሁ ወደ ሁለቱም ወገን ይመልከት። ስሕተት ስታገኙ ማንን እንደጠቀመ ሳትጠይቁ ተመለሱ። ስትመለሱም ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፤ ስሙን ጠይቁ። ከጉድጓዱ ውስጥ ያለው ሰው በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠረ ነው፤ ምናልባትም ከእኛው ጉባኤ የአንዲት እናት ልጅ ነው።

ጌታን ገና ያልተቀበላችሁ ወዳጆቻችን፣ ለእናንተም አንድ ቃል አለን። "አማኞች ነን ከሚሉት እኔ እሻላለሁ" ብላችሁ ከሆነ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ልክ ልትሆኑ ትችላላችሁ። እኛም ከእናንተ እንሻላለን ብለን አልጻፍንም። ንጉሥ ብልጣሶር በግድግዳው ላይ የተጻፈው ቃል ሲፈታለት ተመዝኖ እንደ ቀለለ ተነገረው። በእግዚአብሔር ሚዛን ሁላችንም እንዲሁ ነን፤ በእርሱ ከረጢት ያለው ድንጋይ አንድ ነውና። የምሥራቹ ግን ይህ ነው፤ በቆላስይስ 2፥14 እንደምናነበው በእኛ ላይ ተጽፎ የነበረውን የዕዳ ጽሕፈት ክርስቶስ በመስቀሉ ላይ ቸንክሮ አስወገደው። 40 ዶላሩን የመለስነው ምሕረት ለማግኘት አይደለም፤ ምሕረት ስላገኘን ነው። ዘኬዎስ የዘረፈውን አራት እጥፍ ለመመለስ የተነሣው ጌታ ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ እንጂ ከመግባቱ በፊት አልነበረም።

አሁን በመኪናችን ኪስ ውስጥ ሁለት ደረሰኞች አሉ፤ የጎደለው ዋጋ ያለበትና ከሦስት ሳምንት በኋላ የተጻፈው። አልጣልናቸውም። ኪሱን በከፈትን ቁጥር እናያቸዋለን።

እንጸልይ

አባት ሆይ፣ ሚዛንህ እውነተኛ ነው። በአፋችን እውነትን እየሰበክን በኪሳችን ሁለት ድንጋይ ስለ ያዝን ይቅር በለን። ሲጎዱን ቶሎ የምንነሣ፣ ሲጠቅመን የምንዘገይ ሰዎች ነን። ልባችንን አንድ አድርግልን። በይሉኝታ እሺ ከማለት፣ በቍጣም ከመጮኽ ጠብቀን። በሥራ ቦታው ለሕሊናው ሲል ሰዓቱ የተቀነሰበትን ወንድማችንን ደጅ ክፈትለት። የጮኽንበትን፣ ስሙን ያላወቅነውን ልጅ አንተ ታውቀዋለህና ባለበት ባርከው፤ ፈቃድህ ቢሆን በመንገዳችን አምጣልን፣ ይቅርታ እንጠይቀው ዘንድ። በጌታችን በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።

በዚህ ሳምንት ለማሰላሰል

ሲጠቅመን ዝም ያልንበት፣ እስከ ዛሬ ያልመለስነው ምን አለ? ለማን ነው የሚመለሰው? ሰውዬው ሳይጠፋ ልንሄድ የምንችልበት ቀን የትኛው ነው?

ተባረኩ።